ሞራ ያልሆነው የእርጅና ዓይን፦ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ ጉዳትና በእይታ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

በግምጃ ቤት ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ቀበሌዎች አንድ አዛውንት «ዓይኔ ፈዘዘ» ሲሉ ቤተሰባቸው በመጀመሪያ የሚያስበው የዓይን ሞራን ነው። ግምቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በአገራችን የዓይነ ሥውርነት ቀዳሚ ምክንያት ሞራ ነው። ሞራቸው በቀዶ ሕክምና ተገፍፎላቸው በማግሥቱ የልጅ ልጆቻቸውን መልክ ያዩ ሰዎች ወሬም ከመንደር መንደር ይዞራል። ይሁንና ከዚህ ግምት ጋር የማይገጥም ሁኔታ አለ። አዛውንቱ ያለ መሪና ያለ በትር ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ፤ የመንገዱ ድንጋይ አያደናቅፋቸውም፤ በጎናቸው ሽው ብላ ያለፈችውን ዶሮ ያያሉ። ከፊታቸው ቆሞ እጅ የሚነሣቸውን የጎረቤት ልጅ ግን ማን እንደሆነ አይለዩትም። ዳዊታቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ያረፈበት ፊደል ይጠፋና ዙሪያው ያለው ይቀራል። ይህን የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል፦ ወይ «ሰው መናቅ ጀመሩ» ይላል፤ አለዚያም «ሲፈልጉ ያያሉ፣ ሳይፈልጉ አያዩም» ብሎ ይጠረጥራል። ሁለቱም ፍርዶች ስሕተት ናቸው።

ይህን የመሰለ እይታ ከሚያመጡት ሕመሞች ዋነኛው ከዕድሜ ጋር የተያያዘ የማኩላ ጉዳት ይባላል። በአብዛኛው ከ50 ዓመት በኋላ የሚጀምርና ከ70 ዓመት በላይ እየበረታ የሚሄድ የዓይን ሕመም ነው። ይህ ጽሑፍ ሕመሙ በዓይን ውስጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ከሞራ በምን እንደሚለይና ልዩነቱን አለማወቅ ለምን እይታን ሊያሳጣ እንደሚችል ለማስረዳት ይሞክራል።

ዓይን ብርሃንን የሚያስገቡ ክፍሎችና ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ አንጎል መልእክት የሚለውጥ ክፍል አሉት። ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያና ከብሌኑ በስተኋላ የሚገኘው ሌንስ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ሞራ የሚባለው የሌንሱ መደፍረስ ነው፤ ጭስ የጠገበ የመስኮት መስታወት በውጭ ያለውን ሁሉ እኩል እንደሚያደበዝዝ፣ ሞራም እይታን በሙሉ ያደበዝዛል። መስታወቱ ሲለወጥ ቤቱ እንደገና ብርሃን ያገኛል። ማኩላ ግን የሚገኘው ከዓይን ጀርባ በኩል የውስጡን ግድግዳ በሸፈነው ስስ ሕብረ ሕዋስ፣ በሬቲና ላይ ነው። በሬቲናው መካከል ያለ፣ ስፋቱ 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቢጫማ ክብ ቦታ ነው። በእርሱም መካከል ፎቪያ የምትባል 1.5 ሚሊ ሜትር የምትሆን ጎድጓዳ ሥፍራ አለች።

ይህች ትንሽ ቦታ ምን ያህል ሥራ እንደምትሸከም አንባቢ አሁኑኑ ሊፈትን ይችላል። እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ የአውራ ጣትን ጥፍር መመልከት ነው፤ በአንድ ጊዜ አጥርተን የምናየው ስፋት ከዚያች ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ወይም ዓይንን በዚህ መስመር ካለ አንድ ቃል ላይ አሳርፎ፣ ሳያንቀሳቅሱ የመስመሩን የመጨረሻ ቃል ለማንበብ መሞከር ይቻላል። ቃሉ እንዳለ ይታያል፤ አይነበብም። የሰው ሬቲና 6 ሚሊዮን ገደማ ኮን የሚባሉ የቀለምና የዝርዝር ሕዋሳት፣ 120 ሚሊዮን ገደማ ደግሞ ሮድ የሚባሉ የደብዛዛ ብርሃን ሕዋሳት አሉት። ኮኖቹ ጥቅጥቅ ብለው የሰፈሩት በፎቪያ ውስጥ ነው። ሮዶቹ ከእርስዋ ውጭ ተበትነው እንቅስቃሴንና የነገሮችን አቀማመጥ ያስተውላሉ።

የአዛውንቱ «ሲፈልጉ ያያሉ» መባል ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ማኩላ ሲጎዳ የሚጠፋው የእይታ መካከል ነው፤ ዳሩ ይቀራል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ሰው የፈረሱን ግልቢያ፣ የአቧራውን መነሣት፣ የሕዝቡን ግፊያ ያያል። ፈረሰኛው የገዛ ልጁ መሆኑን ግን በድምፁ ካልሆነ በመልኩ ላያውቀው ይችላል። ሰው ለመሄድ የሚጠቀምበት እይታና ሰው ለማወቅ የሚጠቀምበት እይታ የአንድ ዓይን ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ሥራ ናቸውና።

ጉዳቱ የሚጀምረው ብርሃን ከሚቀበሉት ሕዋሳት ሥር ነው። እነዚህ ሕዋሳት ብርሃን የሚይዘውን ጫፋቸውን በየቀኑ አንድ አሥረኛ ያህል ያራግፋሉ፤ በምትኩም አዲስ ያበቅላሉ። የተራገፈውን የሚውጠውና የሚፈጨው ከሥራቸው ያለ የጥቁር ቀለም ሕዋሳት ንጣፍ ነው። ይኸው ንጣፍ ከበታቹ ካለው የደም ሥር መረብ ምግብና ኦክስጅን ያቀብላቸዋል። ዕድሜ ሲገፋ ንጣፉ ይደክማል። አመዱ በየቀኑ ያልተጠረገ ምድጃ ውሎ አድሮ እሳት ለማንደድ እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ ያልተፈጨው ቅሪት በንጣፉ ሥር ይከማችና ድሩሰን የሚባሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ይሆናል። ጥቂት ጥቃቅን ድሩሰኖች እንደ ሽበት የእርጅና ምልክት ከመሆን አያልፉም። ሲበዙና ሲተልቁ ግን የማኩላ ጉዳት መጀመሩን ያመለክታሉ። በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም፤ ቢሰማውም በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ማስቸገሩን ወይም ከፀሐይ ወደ ቤት ሲገባ ዓይኑ እስኪለምድ መዘግየቱን ነው።

ከዚህ በኋላ ሕመሙ ሁለት መንገድ አለው። ደረቅ የሚባለው ዓይነት ከ10 ታካሚዎች በ8ቱ ወይም በ9ኙ የሚታየው ሲሆን፣ ንጣፉና በላዩ ያሉት ሕዋሳት ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ውስጥ እየሳሱ ይሞታሉ። እርጥብ የሚባለው ዓይነት ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ድንገተኛ የእይታ ማጣት የሚያደርሰው ግን በአብዛኛው እርሱ ነው። በዚህኛው ከማኩላ ሥር ደካማ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። ግድግዳቸው ስስ በመሆኑ ደምና ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፤ ሬቲናውን ከቦታው ያነሡታል፤ ካልታከሙም ጠባሳ ጥለው ያልፋሉ። ይህ ሁሉ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። የሕክምናው ሰዓት የሚቆጠረው እንግዲህ ከጠባሳው በፊት ነው።

የእርጥቡ ዓይነት መለያ ምልክት የቀጥተኛ ነገር መጣመም ነው። ሬቲናው ከቦታው ሲነሣ በላዩ የሚያርፈው ምስል አብሮ ይታጠፋል፤ የበሩ መቃን መካከሉ የጎበጠ፣ የቤቱ ምሰሶ የተሰበረ፣ የመጽሐፉ መስመር ማዕበል የመታው ይመስላል። ሞራ ዕቃን ያደበዝዛል እንጂ አያጣምምም። ስለዚህ አንድ አዛውንት «ምሰሶው ጠመመብኝ» ካሉ ንግግሩ የጤና ባለሙያን ሊያስደነግጥ ይገባል፤ አለመታደል ሆኖ ግን ሰሚው ብዙውን ጊዜ ሥቆ ያልፈዋል።

በጤና ጣቢያ ደረጃም ሳይቀር ሁለቱን ሕመሞች በመጠኑ ለመለየት የሚረዱ ቀላል መንገዶች አሉ። የበሰለ ሞራ ባለበት ዓይን ላይ የእጅ ባትሪ ሲበራ ብሌኑ ነጣ ወይም ግራጫ ብሎ ይታያል፤ ማኩላው በተጎዳ ዓይን ግን ብሌኑ እንደ ጤነኛ ሰው ጥቁር ነው። ካርቶን ላይ በመርፌ በተበሳች ቀዳዳ ማየት መነጽር የሚያስፈልገውን ሰው እይታ ያሻሽላል፤ የማኩላ ጉዳት ላለበት ሰው አይጠቅምም፤ አንዳንዴም ያብስበታል። ሞራ ያለበት ሰው በአብዛኛው የፀሐይ ብርሃን ያስቸግረዋል፤ ማኩላው የተጎዳ ሰው ደግሞ ለማንበብ ተጨማሪ ብርሃን ይፈልጋል። ቁርጥ ያለው ምርመራ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናውን በመሣሪያ ማየት ሲሆን፣ በትላልቅ ማዕከላት ኦሲቲ የሚባል የሬቲናን ንብርብሮች የሚያነሣ መሣሪያ ይጨመርበታል። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ዓይን ላይ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉም መዘንጋት የለበትም። እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ሞራው በሚገባ ተገፍፎ እይታው ያልተመለሰ ሰው «ቀዶ ሕክምናው ተበላሸብኝ» ብሎ ቢያምንና ሌላውን ቢያስቀር አይፈረድበትም፤ ሬቲናው አስቀድሞ ቢታይለት ግን ከቀዶው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ያውቅ ነበር።

የጉዳዩን ስፋት ለማየት የሚያስችለን በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005–2006) በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይነ ሥውርነት፣ የእይታ ድክመትና የትራኮማ ጥናት ነው። ጥናቱ ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የእይታ ድክመት ያለበት መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ሥውርነት ምክንያቶች ሞራ 49.9 በመቶ፣ ከትራኮማ የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ሲይዙ፣ የማኩላ ጉዳት ድርሻ 4.8 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። ከእይታ ድክመት ምክንያቶችም መካከል 4.6 በመቶ ይዟል። እዚህ የተቆጠረው ሁሉ ከዕድሜ ጋር የተያያዘው ዓይነት ነው ማለት አይደለም።

አኃዙ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ሁለት ነገሮች ትንሽነቱን አጠራጣሪ ያደርጉታል። አንደኛ፣ ዓይነ ሥውር የሚባለው በተሻለው ዓይኑ እንኳ ጤነኛ ሰው ከ60 ሜትር የሚያየውን ከ3 ሜትር ማየት ያቃተው ሰው ነው፤ አንድ ማኩላው የጠፋና ሌላው የተረፈለት ሰው በዚህ መለኪያ በየትኛውም ረድፍ አይገባም። ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሞራ በዘመቻ እየተገፈፈ፣ ትራኮማ በመድኃኒት እድላና በንጽሕና እየቀነሰ ሲሄድ የቀሪዎቹ ምክንያቶች ድርሻ ከፍ ማለቱ አይቀርም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ50 ዓመት በታች የነበረው የኢትዮጵያውያን አማካይ የመኖር ዕድሜም ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል፤ የእርጅና ሕመም ደግሞ የሚመጣው እርጅናን ለደረሰበት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትንበያ በ2020 196 ሚሊዮን የነበረው የሕሙማን ቁጥር በ2040 288 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል።

ለሕመሙ ከሚያጋልጡት ዕድሜ ዋነኛው ነው፤ ዘርም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጋር የተያያዘ አንድ ዘረመል ከሕመሙ ጋር ያለው ግንኙነት መታወቁ ለምርምሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሰው ሊያስወግደው ከሚችለው ግን ትምባሆን የሚስተካከል የለም፤ አጫሹ ከማያጨሰው ሰው ቢያንስ እጥፍ ለሕመሙ ይጋለጣል። የደም ግፊትን መቆጣጠርም ይመከራል። ስለ ምግብ ሲነሣ አገራችን የምትታማበት ምክንያት የለም፦ የማኩላን ቢጫ ቀለም የሚሠሩት ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ጎመን፣ ቢጫ በቆሎና የእንቁላል አስኳል ውስጥ አሉ። በውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጠው የቪታሚንና የዚንክ እንክብል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በወጣ ሰፊ ጥናት እንደታየው፣ ሕመሙ መካከለኛ ደረጃ የደረሰበትን ሰው ወደ ከፍተኛው እንዳይሸጋገር በ5 ዓመት ውስጥ አደጋውን በ25 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጤነኛ ዓይንን ከሕመሙ እንደሚጠብቅ ግን አልታየም፤ የጠፋ እይታንም አይመልስም። በከተማ ፋርማሲዎች «ለዓይን ጥሩ ነው» ተብሎ ለሁሉም ሲሸጥ መስማት ያሳዝናል።

ለእርጥቡ ዓይነት ሕክምና የተገኘው በቅርብ ጊዜ ነው። የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝዘውን ፕሮቲን የሚያግድ ራኒቢዙማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በታተመው ዋና ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ10 ታካሚዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት በዓመቱ መጨረሻ ከፍተኛ የእይታ መቀነስ አልደረሰባቸውም፤ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት እንዲያውም በጉልህ ተሻሽለዋል። ዋጋው ግን የማይቀመስ ነበር። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደውን ተመሳሳይ መድኃኒት፣ ቤቫሲዙማብን፣ በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍለው ለዓይን መጠቀም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለቱን ያነጻጸረው ጥናት እይታን በማዳን አቻ መሆናቸውን አረጋገጠ፤ በ2013ም የዓለም ጤና ድርጅት ቤቫሲዙማብን ለዓይን አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። እንደ እኛ ላለ አገር ትልቁ ዜና ይህ ርካሹ መድኃኒት ነው።

መድኃኒቱ የሚሰጠው ዓይን በጠብታ ከደነዘዘ በኋላ በቀጭን መርፌ ወደ ውስጡ በመወጋት ነው። ሲሰሙት ያስፈራል፤ የሚወስደው ግን ደቂቃዎችን ነው። ከመርፌው ይልቅ ከባዱ ድግግሞሹ ነው፤ በመጀመሪያ በየወሩ ሦስት ጊዜ ያህል፣ ከዚያም በሐኪሙ ክትትል እየተራራቀ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። ሬቲና ላይ ያተኮረ ሕክምና የሚገኘው በጥቂት ማዕከላት ነው፤ በክልሉ ስሙ የሚነሣው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ከግምጃ ቤት ተነሥቶ በእንጅባራና በባሕር ዳር አድርጎ ጎንደር መድረስ ለአንድ ጊዜም ቢሆን ለአረጋዊና ለአስታማሚያቸው ቀላል አይደለም፤ በየወሩ ሲሆን ደግሞ የበሬ መሸጫ ምክንያት ይሆናል። ለደረቁ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተፈቀዱት ሁለት መርፌዎችም የሕዋሳቱን ሞት ያዘገያሉ እንጂ እይታ አይመልሱም።

በእኔ አስተያየት መንገዱ ረጅም በሆነበት አካባቢ ትልቁ ሥራ ያለው በመነሻው ላይ ነው። ለሞራ ልየታ ተሰልፎ «ሞራ የለብዎትም» የተባለ ሰው ይህን ቃል «ምንም የለብዎትም» ወይም «ተስፋ የለዎትም» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ሁለቱም አይደለም። ልየታውን የሚያካሂደው ባለሙያ «ቀጥ ያለ ነገር ይጣመምብዎታል? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ቢጨምርና መልሱ አዎንታዊ ከሆነ ቀን ሳያሳድር ወደ ሬቲና ሐኪም ቢልክ የብዙ ዓይን ዕጣ ይለወጣል።

ሰው በቤቱም ራሱን ሊፈትሽ ይችላል። የስዊዘርላንዱ የዓይን ሐኪም ማርክ አምስለር ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ ያስተዋወቀው ፈተና ከባለ ካሬ ወረቀትና በመካከሉ ካለች ነጥብ አይበልጥም። የተማሪ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ለዚህ ይበቃል። የንባብ መነጽር ያለው አድርጎ፣ ወረቀቱን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ ነጥቧን መመልከት፣ ከዚያም በሌላው መድገም ነው። ካሬዎቹ ከታጠፉ፣ ከጎደሉ ወይም መካከሉ ጥቁር ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋል። በተናጠል መሸፈኑ ግድ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖች ሲከፈቱ ደኅነኛው የተጎዳውን ይሸፍንለታልና ሰው አንድ ዓይኑን ማጣቱን ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ሌላም ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እይታቸው በእጅጉ ከቀነሰ ሰዎች አንዳንዶቹ የሌለ ነገር ያያሉ፦ አበባ፣ ጥልፍ መሰል ቅርጽ፣ ትናንሽ ሰዎች፣ የማያውቁት ፊት። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሻርል ቦኔ እ.ኤ.አ. በ1760 ስለ አያቱ እንዲህ ያለውን ነገር ስለጻፈ ሁኔታው በስሙ ይጠራል። ከዓይን መልእክት የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል የራሱን ምስል ስለሚሠራ የሚመጣ ነው። ምስሉ ድምፅ የለውም፤ ባለቤቱም ጥቂት ካሰበ እውነት አለመሆኑን ያውቀዋል። አረጋዊት እናት ግን «ዛር ያዛት» ወይም «ጃጀች» መባልን ፈርተው ለዓመታት ሊደብቁት ይችላሉ። ጠበል የሚሄዱም ካሉ ጠበሉ ከዓይን ምርመራው ጋር የሚጣላ አይደለም። ምስሉ ድምፅ ከጨመረ ወይም ሰውዬው ግራ ከተጋባ ግን ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል።

የማኩላ ጉዳት ብቻውን ድፍን ጨለማ አያመጣም፤ የቀረውን የዳር እይታ መጠቀም ይቻላል። ፊትን በቀጥታ ሳይሆን ከጎን አድርጎ መመልከትን የለመዱ ሰዎች ከጠፋው መካከል አጠገብ ባለው ጤነኛ ሬቲና ያያሉ። ማጉያ መነጽርና በትከሻ በኩል የሚመጣ ጠንካራ ብርሃን ንባብን ያቀልላል። በቤት ውስጥ የሚረዳው የቀለም ልዩነት ነው፦ ቡና በነጭ ሲኒ ሲቀዳ የት ድረስ እንደሞላ ይታያል፤ ወተት በነጭ ኩባያ ግን አይታይምና በጥቁር ቢሆን ይሻላል። የደረጃውን ጠርዝ ኖራ መቀባት፣ የብር ኖቶችን እንደየዋጋቸው ለየብቻ አጥፎ መያዝም እንዲሁ። ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ደግሞ በአዛውንቱ ትክክል ፊት ለፊት ከመቆም ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ቢቆምና «አባ፣ እኔ የእገሌ ልጅ እገሌ ነኝ» ብሎ ቢጀምር መልሱን ወዲያው ያገኛል።